ሁለት ሬዲዮ ያለው ቤት

«አባትሽን ሸሚዙን ይቀይር በይው» አለች እናቴ። አባቴ ከእሷ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጦ ካልሲውን እያጠለቀ ነው። እኔ የጥርስ ብሩሼን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። «አባዬ፣ ሸሚዝህን ቀይር» አልኩት። «ምን ሆነ በያት» አለ ቀና ሳይል። «ምን ሆነ?» «ኮሌታው አልቋል። ሰው ፊት ነው የምንቀርበው በይው።» «ሬዲዮ ነው እኮ፣ ማን ያየኛል በያት።» እንዲህ ነው የምንኖረው፣ ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። ጠዋት ጠዋት የማመላልሰውን ቃል እንደ ታክሲ ተሳፋሪ በታሪፍ ባስከፍል ኖሮ ይሄኔ ከአብነት ሰፈር ወጥቼ የራሴን ቤት ተከራይቼ ነበር። አባቴ ሸሚዙን ቀየረ። ይሰማታል እኮ፤ መልስ የማይሰጣት በቀጥታ ስላላናገረችው ብቻ ነው።

ቤታችን የቀበሌ ነው፤ ሁለት ክፍል። እናቴ የውስጠኛውን ይዛለች፣ አባቴ የሳሎኑን ሶፋ፣ እኔ ከእናቴ ጋር እተኛለሁ። ቴሌቪዥን ነበረን፤ በጦርነቱ ሰሞን ዜና በመጣ ቁጥር አንዳቸው ሲያበሩት ሌላኛቸው ሲያጠፉት ቆይቶ አንድ ቀን ራሱ ደከመውና ተገላገልን። ከዚያ ወዲህ በየክፍላቸው የየራሳቸው ትንሽ ሬዲዮ አላቸው። በእሷ ክፍል መዝሙር፣ በእሱ ሳሎን ኳስ። እኔ መሀል ቤት ቆሜ ቅዱስ ያሬድንና የእንግሊዝ ክለቦችን አንድ ላይ እሰማለሁ። ቅዳሜ አስር ሰዓት ሲሆን ግን ሁለቱም ሬዲዮ ወደ አንድ ጣቢያ ይዞራል፣ ምክንያቱም የእኔ ፕሮግራም ነው። «ከጎረቤት ጋር» ይባላል። ልደታ አካባቢ ያለ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ነው፤ አየሩ ጥሩ ሲሆን እስከ ጦር ኃይሎች ይደርሳል፣ ሲከፋ እዚሁ አጠገባችን ጠመንጃ ያዥ ሰፈርም አይሰማ። ሥራዬ ከተለያየ ብሔር የመጡ ጎረቤቶችን አገናኝቶ ስለ ሰላም ማወያየት ነው። ኦሮሞውን ከአማራው፣ ትግሬውን ከጉራጌው፣ ሁሉንም በፈገግታ። ሰፈርተኛው «የሰላሟ ልጅ» ይለኛል። የሰላሟ ልጅ ቤቷ ገብታ ስለ ሸሚዝ ኮሌታ ታስታርቃለች፤ ጉድ እኮ ነው።

ጠባቸው ምን መሰላችሁ። እናቴ ለተ ሚካኤል አድዋ አካባቢ ተወልዳ እዚሁ ያረጀች ናት፤ አባቴ ተሰማ ደግሞ ከጎንደር በልጅነቱ የመጣ። ስልክ በተዘጋበት፣ ሰው በስሙ በሚፈራበት በዚያ ጊዜ የእናቴ ታናሽ ወንድም ፀጋዘአብ በጦርነቱ ሞተ። አባቴ ቀድሞ ሰማ። ሰምቶም ዝም አለ። ወራት አለፉ፤ አብሯት በላ፣ አብሯት ጠጣ። እናቴ የሰማችው በርበሬ በምትሸጥበት ቦታ ነው፤ አንዲት ደንበኛ ያወቀች መስሏት «እግዜር ያጽናሽ፣ የወንድምሽን ነገር ተሰማ ሲናገር ሰምቼ እኮ ነው» አለቻት። ሚዛኑን እንደያዘች ቀረች ይላሉ። ቤት ገብታ «ሰምተህ ነበር?» አለችው፤ «ሰምቼ ነበር» አላት፤ ሌላ አልጨመረም። በቀጥታ የተባባሉት የመጨረሻ ቃል ያ ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ በር ተንኳኩቶ፣ ባለቤቱ ሲወድቅ የሚደግፍ ሰው ተዘጋጅቶ ነው። እናቴን የገደላት ሞቱ ብቻ አይደለም። «ወንድሜ አፈር ገብቶ እኔ የሰው ሰርግ ላይ እስክስታ ወረድኩ» ትላለች፣ አሁንም፣ ሽንኩርት ስትልጥ ሳይቀር።

ታዲያ እነዚህን ሁለት ሰዎች ነው የ«አርአያ ቤተሰብ» እንግዳ አድርጌ የማቀርበው። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፤ የጋሼ ህሩይ ነው። ጋሼ ህሩይ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ የፕሮግራማችንም አማካሪ። በየወሩ መጥተው ስለ መቻቻል ይናገራሉ፣ ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ሲናገሩ ሰው ያምናቸዋል። «ተሰማና ለተ ሚካኤልን አቅርቧቸው እንጂ! ይሄን ሁሉ ዓመት በአንድ ትሪ!» አሉ። ጣቢያውን የሚመራው ጂራታ ተቀበለው፤ እኔ እምቢ አልኩ፤ በኋላ እሺ አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ እሺ ያልኩት ለፕሮግራሙ አስቤ አይደለም። ማይክ ፊት ጎን ለጎን ከተቀመጡ፣ እኔ ጠያቂ ከሆንኩ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ፊት ለፊት ይነጋገራሉ ብዬ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ። ሰልችቶኛል። የሁለት ሰው ምላስ መሆን ትከሻ ያደክማል።

ከቤት ስንወጣ እናቴ ቀደመች፣ አባቴ ኋላ ቀረ፣ እኔ እንደ ልማዴ መሀል። እናቴ መንገድ ላይ ሽንኩርት ጠየቀች፤ «መቶ ሃያ» አላት ሻጩ ልጅ፤ «ሰው ልትበላ ነው?» ብላው አለፈች። አባቴ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ በዚህ ሰፈር ያላንኳኳው በር የለም። ዛሬም ሲያልፍ ሕፃን ሳይቀር «ቆጣሪ!» ብሎ ይጠራዋል፣ እሱም ኮፍያውን አንስቶ ሰላም ይላል። የጋሼ ህሩይ በር ጋ ልንደርስ ስንል ግን አባቴ መንገዱን ተሻገረ። በፀሐይ በኩል፣ ጥላውን ትቶ። ፀሐዩ ናፍቆት ይሆናል አልኩና ረሳሁት። ታክሲ ያዝን፤ እናቴ ከፊት ሹፌሩ አጠገብ፣ አባቴ የኋለኛው ወንበር ላይ። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ «ከእናንተ ጋር ናቸው?» ብሎ ወደ እናቴ አመለከተ። አባቴ ሳንቲሙን እየቆጠረ «አዎ፣ ከእኔ ጋር ናት» አለ፤ ለማንም አይደለም፣ እንዲሁ ለመስኮቱ።

ስቱዲዮአችን አንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን ሁሉ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈንበታል። እናቴ ቀና ብላ ግድግዳውን ዞራ አየችና «ይሄን ሁሉ እንቁላል ማን በላው?» አለች። የድምፅ ባለሙያችን ነጅማ ሳቀች፤ «በርካሽ ጊዜ የተበላ ነው እትዬ፣ አሁንማ ካርቶኑም ተወዷል» አለቻትና ማዳመጫውን ጭንቅላቷ ላይ አደረገችላት። አባቴም አደረገ። ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው፤ በድሮ ፎቶ ላይ እንዳሉ ባልና ሚስት ቀጥ ብለው። ጂራታ ከመስታወቱ ወዲያ አውራ ጣቱን አሳየኝ፤ ቀረጻው ተጀመረ።

መጀመሪያው ደህና ነበር። እንዴት ተዋወቃችሁ አልኩ። አባቴ ቆጣሪ ሊያነብ መጥቶ ውሃ እንደለመነ ተናገረ፤ ውሃ ስለምነው ጠላ ሰጠችኝ አለ። እናቴ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ትንሽ ፈገግ አለች፣ ምላሽ ግን የሰጠችው ለእኔ ነው፤ «ጠላ አይደለም፣ ቅራሪ ነው በይው።» ነጅማ በመስታወቱ ስትስቅ አየኋት፤ ቀልድ መሰላት። በአስቸጋሪው ጊዜ እንዴት አለፋችሁ አልኩ፤ ይሄ ጂራታ የጻፈልኝ ጥያቄ ነው። አባቴ የተዘጋጀበትን አለ፣ «ፍቅር ዘር አይቆጥርም።» ጂራታ ወዲያ ማዶ ራሱን ነቀነቀ። እኔም «እማዬ፣ አንቺስ?» አልኩ።

እናቴ ማይኩን አየችው። ከዚያ እንደ ቤቷ፣ ልክ እንደ ጠዋቱ የሸሚዝ ነገር፣ ድምፅዋን ሳትቀይር «አባትሽን ጠይቂልኝ» አለች። «የወንድሜን ሞት ይዞ ያን ሁሉ ወር ከእኔ ጋር እንዴት እንጀራ ቆረሰ? ጠይቂልኝ።» ማቆም እችል ነበር፤ ለነጅማ እጄን ባነሳ ታቆመው ነበር። አላነሳሁም። ለሦስት ዓመት ኮሌታና ጨው ሳመላልስ ኖሬ ይህችን አንዷን ባላደርስ ምን እባላለሁ? «አባዬ» አልኩት፣ «እንዴት ቻልክ ትልሃለች።»

«ለእናትሽ ንገሪያት» አለ አባቴ፣ ጉልበቱን በእጁ እያሻሸ። «ወሬውን እንደሰማሁ በማግስቱ መርዶ የሚነግር ሰው ልሰበስብ ወጣሁ። መርዶ ብቻዬን ልንገር? ስትወድቅ ማን ይይዛታል? አብሯት ማን ያለቅሳል? መጀመሪያ ህሩይ ዘንድ ሄድኩ። ‹በዚህ ጊዜ ድንኳን? በየትኛው ወገን ለሞተ ነው እድሩ ድንኳን የሚተክለው? ተሰማ፣ አታስበላን› አለኝ። ያገሯ ልጅ ነው ብዬ ፍሰሃጽዮን ዘንድ ሄድኩ። በሩን አልከፈተም፤ በመስኮት ‹በእናትህ፣ በትግርኛ የሚለቀስበት ቤት እንዳያዩኝ› አለኝ። አልፈረድኩበትም፣ ወንድሙን የዚያን ሳምንት ወስደውበታል። ቦሰና ዘንድ ሄድኩ፤ ጎረቤቴ ናት። ‹ልጄ እዚያው ግንባር ነው፣ በምን አንጀቴ?› ብላ አለቀሰች። እሷም ላይ አልፈረድኩም። ሳምንቱን ሙሉ ዞርኩ። ቆጣሪ ሳነብ የማይዘጋብኝ በር ሁሉ ተዘጋ። አንድ ሰው ሳጣ ነገ አልኩ፣ ነገ ደግሞ ነገ አልኩ። ሰርጉ መጣ። ስትጨፍር እያየኋት ነበር።» ውሃ ጠጣ።

«በኋላ ስጠይቀው ለምን ይሄን አልተናገረም በይው» አለች እናቴ። አሁን ድምፅዋ ቀጥኗል። ለማድረስ አፌን ስከፍት አባቴ አልጠበቀኝም፣ ግን አሁንም ወደ እኔ ነው የሚያየው። «ምን ልበላት? አብረሽ የኖርሽው ሰፈር በሩን ዘጋብሽ ልበላት? ውሃ የምትቀዳው ከነሱ ጋር ነው። በርበሬ የምትሸጠው ለነሱ ነው። ስትሞት የሚቀብሯትም እነሱ ናቸው። እኔን ብትጠላ የምትጠላው አንድ ሰው ነው ብዬ ነው።»

እናቴ ማዳመጫውን ቀስ ብላ አወለቀች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። አባቴም ኮፍያውን አንስቶ ተከተላት። በመስኮቱ ሳያቸው በእግር ነው የሄዱት፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ መሀላቸው የሌለሁት እኔ ብቻ። አልተነጋገሩም። ያን ሁሉ ሰምተው፣ ያን ሁሉ ተናግረው፣ አሁንም አልተነጋገሩም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ነጅማ የራሷን ሻይ ሰጠችኝ።

ጂራታ ገባና ተቀመጠ። ገና አፉን ሳይከፍት ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ናዝሬት፣ ይሄ አይወጣም።» «ስሞቹን ቁረጥ፣ ሌላውን ተወው» አልኩት። «ሌላው ምንድነው? ሰፈሩ በር ዘጋ? ጋሼ ህሩይ አማካሪያችን ናቸው፤ ሰው አያውቃቸውም ብለሽ ነው? ነገ ማነው እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥልን?» «ታዲያ እዚህ ወንበር ላይ ውሸት እየተቀመጠ ምን ያደርግልናል?» አልኩ፣ ጮህኩ መሰለኝ። ጂራታ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ድንጋይ ነኝ እንዴ?» አለ። «የአጎቴን ልጆች ወለጋ ቀብሬ ነው እዚህ የምመጣው። አንድ ቀን በዚህ ማይክ ሳነሳ ሰምተሽኛል? አንዱን ካነሳሁ ሌላው የራሱን ያነሳል፣ ማቆሚያ የለውም። ደክሞኛል በናትሽ። ሰላም ነው የምንሠራው፣ ሰላም እናውጣ።» መልስ ነበረኝ፤ ግን እኔም ደክሞኝ ነበር። ነጅማ ኮምፒውተሩ ላይ አባቴን ከ«ፍቅር ዘር አይቆጥርም» በኋላ ቆረጠችው። እናቴን ከሞላ ጎደል ቆርጣ አወጣቻት፤ የቀረው «ጠላ አይደለም፣ ቅራሪ ነው» ያለችው ብቻ ነው። የጎደለውን ሰዓት በዘፈን ሞላነው።

አስር ሰዓት ሲል ከሕንፃው ወጥቼ በእግሬ ወደ አብነት ወረድኩ። ታክሲ ውስጥ የራሴን ድምፅ መስማት አልፈለግኩም፤ ግን የት ይቀራል። ከልብስ ሰፊው ሱቅ፣ ከጎሚስታው፣ ከሸቀጣሸቀጡ፣ ከየበሩ «እንደምን ዋላችሁ ውድ አድማጮቻችን» እያልኩ ከራሴ ጋር ሄድኩ። አባቴ ውሃ ለመነ፣ እናቴ ቅራሪ ነው አለች፣ ልብስ ሰፊው ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ወላጆችሽ ይጣፍጣሉ!» አለኝ። ጋሼ ህሩይ በራቸው ላይ ዱካ አውጥተው ሬዲዮአቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነሱ፤ ግራ ቀኝ ሳሙኝ። «አኮራችሁን የኔ ልጅ! ተሰማ ፍቅር ዘር አይቆጥርም ሲል እንባዬ ነው የመጣው» አሉ። እውነትም ዓይናቸው ረጥቧል። ይሄ ነው የሚያናድደው፤ ሰውዬው አይዋሹም። ረስተውታል ወይም እንዲረሱት ሆኗል፣ አላውቅም። ምን ልበላቸው? «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ። አፌን ጠላሁት።

የቤታችንን በር ስገፋው ሁለቱም ሬዲዮ ክፍት ነው። ሳሎን ውስጥ አባቴ ሶፋው ላይ ኮፍያውን እንዳደረገ ተቀምጧል። ጠዋት የቀየረውን ሸሚዝ አላወለቀም። የውስጠኛው በር ገርበብ ብሏል፤ በዚያ በኩልም የእኔው ድምፅ «በፍቅርና በአንድነት ያቆየን» እያለ ይሰናበታል። ዘፈኑ ገባ። ማንንም ማየት አቅቶኝ ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ። የእናቴ ሬዲዮ ተዘጋ። ወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ ጥለቱ አንገቷ ስር ነው፤ ለወንድሟ እንዲያ ለብሳ አይቻት አላውቅም፣ ማን ድንኳን ተክሎላት ማን መጥቶላት ትለብሰው? «በይው» የሚለውን ስጠብቅ እኔን አላየችኝም። ሶፋው ፊት ቆመች።

«ተሰማ» አለች። «ቆርጠውታል፣ አይደል?»

አባቴ ቀና አለ። ኮፍያውን አወለቀ። «ቆርጠውታል» አለ። እኔ አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ ሌላው ከጫማ ውጭ ሆኖ ቀረሁ። ማንም በያት አላለኝም፣ ማንም በይው አላለኝም። እናቴ ሬዲዮውን ከአጠገቡ አንስታ ዘጋችውና ትንሿን ዱካ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ሰው አጣሁ ነው ያልከው» አለችው። «አሁን እኛ ሦስት ነን። ናዝሬት፣ አንቺም ነይ ተቀመጪ። በል አሁን መርዶዬን ንገረኝ።»

አባቴ ተነሳ። መርዶ ቁጭ ተብሎ አይነገርም። ጋቢውን ከሶፋው ላይ አንስቶ ተከናነበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደ ሽማግሌ እጁን አጣምሮ ቆመ። «ለተ ሚካኤል» አለ። «ወንድምሽ ፀጋዘአብ… ወንድምሽ አርፏል።» ሦስት ዓመት የምታውቀውን ነገር ገና አሁን የሰማችው ይመስል ከዱካው ላይ ወደቀች። አባቴ ያዛት። «ሓወይ!» አለች፣ ወንድሜ፣ በትግርኛ፤ በዚያ ዘመን መንገድ ላይ ስልክ እንኳ የማታወራበት ቋንቋ፣ አሁን ሙሉ ድምፅዋን አውጥታ። እኔም ደረቴን መታሁ። አጎቴን በሕፃንነቴ አንድ ጊዜ ነው ያየሁት፤ ግን ለእሱም ለእነሱም ለእኔም አለቀስኩ።

ከግድግዳው ወዲያ የእትዬ ቦሰና ሬዲዮ የእኛን ፕሮግራም መዝጊያ ዘፈን ይዞ ይጮህ ነበር። በድንገት ተዘጋ። እናቴ ደግማ «ሓወይ!» አለች። የነጠላ ጫማ ኮቴ በጠባቧ መተላለፊያ እየተጎተተ መጣ፣ በራችን ጋ ሲደርስ ቆመ፣ አልተንኳኳም፣ አልሄደምም። አባቴ እናቴን ለእኔ ሰጠኝና ሄዶ በሩን ከፈተው።